አረንጓዴው ቁራጭ ቱቦ

እና ደግሞ ፊቴ ቆሞ ሻይ ላምጣልህ ወይ ጋሼ ይለኛል፣ ሻይ፣ የትኛው ምድጃ ላይ አፍልቶ፣ የሕንፃውን ጋዝ ከዋናው መዝጊያ ዘግቼው፣ አራት ፎቅ ሙሉ ሰው ቀዝቃዛ ቁርስ እየበላ፣ አልፈልግም እለዋለሁ፣ ዓይኔን ከመርፌው አላነሳም፣ መርፌው ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሟል፣ ገና ሁለት ደቂቃ ነው፣ ሠላሳ መሙላት አለበት። ሠላሳ ደቂቃ ንቅንቅ ካላለ ቱቦው ደህና ነው፣ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፣ ሥራችን ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም፣ ቱቦውን አየር ትሞላዋለህ፣ ትዘጋዋለህ፣ የግፊት መለኪያውን ፊትህ አድርገህ ቁጭ ብለህ ታያለህ።

ቁጭ ብሎ ማየት። ይኼ ነው ያቃተው።

የእህቴ ባል ነው፣ የታናሿ፣ የሚጡ፣ መሥሪያ ቤት ቀልጣፋው ይሉታል፣ እኔ ነኝ ያስቀጠርኩት፣ መፍቻ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ ይኼ ልጅ ይፈጥናል አልወደድኩትም ስትል ለምኜ ያስማማኋት እኔ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ከሕንፃ ሕንፃ አብረን ዞረናል፣ እሱ ይለካል እኔ እፈርማለሁ፣ ፈቃዱ ያለው እኔ ጋ ነዋ። ቀልጣፋው ሲሉት ደስ ይለኝ ነበር፣ እኔን ያሞገሱኝ ይመስለኝ ነበር፣ ሌላው ቡድን በቀን አንድ ሕንፃ ሲጨርስ እኛ ሦስት፣ አለቃችን በስብሰባ ላይ ከእነሱ ተማሩ ሲል አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ቂል፣ ሠላሳ ደቂቃ እኮ ለማንም ሰው ሠላሳ ደቂቃ ነው፣ ሰው በምን ተአምር ነው ሰዓት ቀድሞ የሚቀለጥፈው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም፣ ሦስት ሕንፃ በቀን፣ ለመደመር እንኳ አልደከምኩም።

አራት ደቂቃ።

ክፍሏ ከደረጃው ሥር ናት፣ ጠባብ፣ አንድ አምፖል፣ ስምንት ቆጣሪዎች ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዳቸው ላይ የቤት ቁጥር፣ ጥግ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት፣ እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጫለሁ፣ እሱ በሩ ላይ ቆሟል፣ አንዴ በቀኝ እግሩ አንዴ በግራው፣ እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። ስምንተኛው ቆጣሪ የኛ ነው፣ አራተኛ ፎቅ በስተቀኝ፣ እናቴና እኔ፣ ጋዙ ከገባልን ሦስት ሳምንቱ፣ ቁጥሩ ገና ትንሽ ነው፣ እናቴ ምን ታበስላለች፣ ሾርባ ነው፣ ሻይ ነው፣ ውኃ ነው።

ትናንት ከሰዓት ነው ያየሁት። አለቃችን ያለፉትን ሁለት ወራት የፍተሻ ፎቶዎች ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡ ብሎ አዘዘ፣ ደንቡ እንዲህ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ፎቶ፣ መለኪያው ቱቦው ላይ ታስሮ፣ መርፌው በሠላሳኛው ደቂቃ የት እንዳለ እየታየ፣ ከፎቶው ጋር ካርድ፣ ከካርዱ ግርጌ ፊርማ፣ የኔ፣ ብቻዬን ተቀምጬ የኛን ቡድን አንድ በአንድ አስገባለሁ፣ ሻዬን ፉት እያልኩ፣ እያፏጨሁ ሁሉ ነበር፣ አንደኛው ፎቶ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ላይ የሆነ ነገር ከነከነኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አልመጣልኝ አለ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ከመለኪያው ሥር፣ ቱቦው ጎን ላይ፣ አረንጓዴ ቀለም፣ የዶሮ እግር የመሰለ፣ ሦስት ጣት ያለው። ሁለተኛውም ላይ አለ። አንደኛውም ላይ። ሦስት ሕንፃ፣ ሦስት ሰፈር፣ አንድ የዶሮ እግር።

ሻዩ እንደያዝኩት ቀዘቀዘ።

ያንን ቀለም አውቀዋለሁ፣ እንዴት አላውቀው፣ የእናቴን በር የቀባሁበት ነው፣ ያን ዕለት ብሩሼ ነው ተንጠባጥቦ ያችን ቁራጭ ቱቦ የነካት፣ ቁራጯንም የሠራኋት እኔ ነኝ፣ ክንድ አትሞላም፣ ሁለቱም ጫፏ በክዳን የተዘጋ፣ መሐሏ ላይ መለኪያ የሚታሰርበት ቀዳዳ፣ ማስተማሪያ ናት፣ አዲስ ሰው ሲቀጠር ጤነኛ ቱቦ ይኼን ይመስላል ለማለት፣ አየር ሙሉባት፣ ዝጉ፣ እዩ፣ እስከ ነገ ብትቀመጡ መርፌው አይወርድም፣ እሱንም ያስተማርኩት በሷ ነው፣ ስንጨርስ ቦርሳህ ውስጥ አኑራት አልኩት፣ አኖራት። አኑሮ ምን አደረጋት፣ ሕንፃ ይሄዳል፣ የሕንፃውን ቱቦ አይነካውም፣ ቁራጯን ያወጣል፣ መለኪያውን እሷ ላይ ያስራል፣ ፓምፑን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ያደርጋል፣ ግድግዳው ጋ አስደግፎ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። የሰው ቤት ሊለካ ወጥቶ የራሱን ቦርሳ ለክቶ ይመለሳል፣ ያቺ ደግሞ ክፍተት የላት፣ መጋጠሚያ የላት፣ መርፌዋ እንደ ድንጋይ ይቆማል፣ እኔ ፎቶውን አያለሁ፣ ጎበዝ እላለሁ፣ እፈርማለሁ።

እኔ፣ ስሜ ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ፈታሽ፣ የሕንፃውን የጋዝ መስመር በተወሰነው ግፊት ለሠላሳ ደቂቃ በአካል ተገኝቼ የፈተሽኩ መሆኔን አረጋግጣለሁ። በአካል ተገኝቼ። አካሌ ቢሮ ውስጥ ሻይ ይጠጣል፣ እምነቴ ነው የሄደው፣ ሰውዬው ቤተሰቤ ነው ብዬ፣ እናቴ እጅ የሚበላ ሰው ነው ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አሥራ ሦስት ካርድ፣ አሥራ ሦስት ሕንፃ፣ አሥራ ሁለቱ ላይ የዶሮ እግር።

ስምንት ደቂቃ ሆነ፣ መርፌው እዚያው ነው።

ዛሬ ጠዋት ጠራሁት፣ አልጮህኩም፣ የምናገረውን ሳሰላስል ነው ያደርኩት፣ ልሰድበው፣ አንገቱን ልይዘው፣ ፊቱን ሳየው ግን አንዱም ከአፌ አልወጣ አለ፣ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየሁት ብቻ፣ መጀመሪያ ሳቀ፣ ምን ነካህ ጋሼ አለ፣ ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ፣ ቱቦው አዲስ ነው እኮ ጋሼ፣ አዲስ ቱቦ ምን ይሆናል፣ እኔው ራሴ ያሰርኩት ነው፣ እጄን አምኜ ነው፣ ደግሞስ እስካሁን ማን ምን ሆነ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ማን ምን ሆነ ይለኛል። ና አልኩት፣ መለኪያ አምጣ፣ የኔን ሕንፃ አሁን እንለካዋለን፣ ቦርሳው ውስጥ አዲስና አሮጌ መለኪያ አለ፣ አሮጌዋን አቀበለኝ፣ እኔም የለመድኳት ናትና ተቀበልኩ። ደረጃው ሥር ስንደርስ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከቆመ እንተወዋለን አይደል ጋሼ ያለኝ፣ ሌሎቹንም ቀስ እያልን፣ እሑድ እሑድ፣ አንድ በአንድ፣ ማንም ሳይሰማ፣ አንተም ፈቃድህ እንዳለ፣ እኔም ሥራዬ፣ ሚጡም ሳትሰማ። ዝም አልኩት። ዝምታዬን እሺ ብሎ ወሰደው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ምን ብዬ ዝም እንዳልኩ አላውቀውም።

ጥሩ ሐሳብ ነው እኮ አንዱ ጎኔ ይላል። ይቺ መርፌ ብቻ ትቁም፣ እሑድ እሑድ አሥራ አንዱን ለክቼ፣ የላላውን አጥብቄ፣ ማን ያውቃል፣ ስልክ ከደወልኩ ግን አለቀ፣ አሥራ ሁለት ሕንፃ ይዘጋል፣ ፈቃዴ ይቀደዳል፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁበት፣ እሱን ፖሊስ ይወስደዋል፣ ሚጡ ምን ትለኛለች፣ ባሌን አሳልፈህ ሰጠኸው፣ ትለኛለች፣ እሱስ እኛን ለምን አሳልፎ ሰጠን ብላት ይገባት ይሆን፣ አይገባትም፣ ሚጡ ናት፣ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ እውነተኛ ይመስላታል።

ኮቴ ይሰማኛል ደረጃው ላይ፣ የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ ትላለች፣ መቼ ነው የምትለቁልን ጃል፣ ምሳ ልጥድ ነው እኮ፣ ሲያልቅ ይለቀቃል እላታለሁ፣ መሄድ ስትጀምር እሱን ታየዋለች፣ እንዴ አንተ ነህ፣ በረኪናው ምንም አላደረገም እኮ። የምን በረኪና እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ይሸታል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል ብዬ ብነግረው፣ ፍሳሹ ነው እትዬ፣ በረኪና ድፉበት ብሎኝ ሄደ፣ ሁለት ጠርሙስ ሙሉ ደፋሁ፣ ደረጃው ነጣልኝ እንጂ ሽታውስ ወይ ፍንክች። ሳቅ ብላ ትሄዳለች። እሱ የጫማውን ጫፍ ያያል፣ ፍሳሽም ሊሆን ይችላል እኮ ጋሼ ይላል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ እለዋለሁ።

ነግራው ነበር። ሴትዮዋ በአፏ ነግራው ነበር።

እኔስ፣ የኔ አፍንጫ የት ሄዶ ነበር፣ በቀን አራት ጊዜ በዚህ ደረጃ ወጥቼ እየወረድኩ፣ የኔማ ከለመደው ቆየ፣ ጓንቴ ይሸታል፣ ቦርሳዬ ይሸታል፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያንን ሽታ ስምግ ኖሬ አሁን ሽታው ለኔ አየር ነው፣ ሽታውም የራሱ አይደለም እኮ፣ የተፈጥሮ ጋዝ እንደ ውኃ ነው፣ አይሸትም፣ አይታይም፣ እኛ ነን ሆን ብለን የምናገማው፣ ይኼን ለእናቴ ሳስረዳት ያለችውን አልረሳውም፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከሰል ላይ እፍ ስትል፣ ከዚያ ላምባ፣ ዓይኗ በጭስ ተለብልቦ፣ ጋዝ ይግባልን እማዬ ስላት ሁለት ወር እንቢ አለች፣ የማይታይ፣ የማይሸት፣ ከመሬት ሥር የመጣ ነገር ቤቴ ይግባ ትለኛለህ፣ አንተ ልጅ ደህና ነህ። ይሸታል፣ ሽታ ይጨመርበታል፣ ሲያመልጥ እንዲታወቅ። ጎሽ፣ አለች፣ ሌባ አንገት ላይ ቃጭል ማሰር ማለት ነው በለኛ፣ ሳቅን፣ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና እኔ ግን ቃጭሉን አልሰማም እኮ ልጄ አለችኝ።

አትሰማም። ከሁለት ዓመት በፊት ታማ ስትነሳ አፍንጫዋ አልተነሳም፣ ሽንኩርት ያርርባታል፣ አታውቅም፣ ሳሙናና ሎሚ አይለዩላትም፣ ያኔ ስትታመም በጀርባው አዝሎ ከአራተኛ ፎቅ ያወረዳት ማን ነው፣ እሱ ነው፣ በዚህ ደረጃ፣ እያላበው፣ አይዞሽ እናቴ እያለ፣ ሐኪሙ ማሽተቱ ላይመለስ ይችላል ሲል አጠገቤ የቆመው እሱ ነው፣ ያውቃል፣ ጥርት አድርጎ ያውቃል። እና እኔ ምን አልኳት፣ አታስቢ እማዬ፣ አፍንጫሽ እኔ ነኝ አልኳት፣ ራሴ ፈርሜበታለሁ አልኳት፣ ካርዱን አሳየኋት፣ መነጽሯን አድርጋ ፊርማዬን አየች፣ እጅህ አሁንም እንደ ተማሪ ቤቱ ያምራል አለችኝ፣ ከዚያ ነው ክብሪቱን የለኮሰችው።

አሥራ ስድስት ደቂቃ። አሥራ ሰባት።

ጋዝ ከአየር ይቀልላል፣ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ይኼንን ማንም የኛ ሰው ያውቃል፣ ቱቦው በተዘጋ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚወጣው፣ እታች ያመለጠ ከሆነ በዚያው ግድግዳ ውስጥ ሽቅብ ይሄዳል፣ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ የሚቆመው ጣሪያው ሲያቆመው ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ የወጥ ቤታችን ግድግዳ፣ የእናቴ ምድጃ ጀርባ። አሁን ታች ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቼላታለሁ፣ መስኮቱን ሁሉ በርግጄ፣ ለምን ስትለኝ ለፍተሻ ነው አልኳት፣ ሦስት ሳምንት ግን መስኮቱን ማን ከፈተላት፣ ብርድ አትወድም።

እሱ ሰዓቱን ያያል። የት ልትሄድ ነው እለዋለሁ። የትም። ጠርሙስ ፋብሪካው ነዋ፣ እለዋለሁ፣ አፌ ቀደመኝ፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ይኼንንም አውቀህ ነበር እንዴ ይላል ዓይኑ፣ አውቄ ነበር፣ ምን አለበት ብዬ ነበር፣ ፋብሪካው በናፍጣ የሚነደውን ትልቁን ምድጃ ወደ ጋዝ ሲያዞር ሠራተኛ ፈለገ፣ ጠዋት ጠዋት ይሄድላቸዋል፣ ምድጃው አይጠፋም፣ ሌትና ቀን ይነዳል፣ ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ የቀለጠው ጠርሙስ ውስጡ እንዳለ ይረጋና ምድጃውን ገደል ይከተዋል፣ ስለዚህ መሐንዲሳቸው ቀልድ አያውቅም፣ ቱቦ ሲለካ ወንበር ስቦ ጎኑ ይቀመጣል፣ ሠላሳ ደቂቃ ማለት ሠላሳ ደቂቃ ነው፣ እሱ ራሱ ነው እየሳቀ የነገረኝ፣ ጋሼ ሰውዬው እኮ ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም ብሎ። እኔም ሳቅሁ። ለጠርሙስ ሠላሳ ደቂቃ ይቆማል፣ ለእናቴ ሁለት። አብሬው ሳቅሁ።

ሁለቱ ልጆቼ አልጨረሳችሁም ወይ፣ እናቴ ናት፣ ከግቢው፣ ሁለቱ ልጆቼ ትላለች፣ ደረሰ እናቴ ይላል እሱ፣ ድምፁ ማር ነው፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ጎረምሳው አማቼ ዛሬ ጨዋታ የለውም ወይ ብላ ትቀልዳለች፣ ድሮ አልወደድኩትም ያለችው ሴትዮ አሁን ከኔ አስበልጣ ነው የምትወደው፣ ደረቷ ላይ ያለውን ሹራብ የገዛላት እሱ ነው። እንዴት ቻልክበት፣ እለዋለሁ በልቤ፣ እሱን ብቻ ንገረኝ፣ አንገቷን አቅፈህ ስትስማት፣ ሾርባዋን ስትጠጣ፣ ቀና ብለህ ምድጃውን ስታየው፣ ምን ይልህ ነበር።

ሃያ አንድ።

ይኼ ሁሉ ይሁን። ስንፍና ነው፣ ሰው ይሰንፋል፣ ሁለት ሥራ ይዞ ጊዜ አጠረው፣ እጁን አመነ፣ እሺ፣ እኔም አምኜው ፈርሜያለሁ፣ ማን ከማን ይሻላል፣ ይኼን ሁሉ ትናንት ቢሮ ተቀምጬ ለራሴ ብዬዋለሁ፣ አሥራ ሁለተኛውን ፎቶ ሳስገባ ይቅር ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ፣ ከዚያ አሥራ ሦስተኛውን ከፈትኩት። የዶሮ እግር የለም። ቱቦው ረጅም ነው፣ ግራጫ፣ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ይታያል፣ መጋጠሚያው ላይ ነጩ ማሸጊያ እንደተጠመጠመ፣ ደግሞ አንድ ፎቶ አይደለም፣ ሦስት ነው፣ ሲጀምር፣ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ፣ በሠላሳኛው፣ ሰዓቱን ጎኑ አድርጎ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ ቢያፈስ የሚታይበትን የሳሙና አረፋ ሁሉ ቀብቷል፣ እንዲህ ነው እንጂ ሥራ አልኩ፣ እውነት እላለሁ ደስ አለኝ፣ አንድ እንኳ በደንብ ሠርቷል ብዬ፣ ከዚያ ካርዱ ላይ ያለውን አድራሻ አየሁት።

የራሱ ሕንፃ ነው። እሱና ሚጡ የሚኖሩበት።

እጁን አላመነም። የራሱ ቤት ሲሆን እጁን አላመነም፣ አዲስ ቱቦ ምን ይሆናል አላለም፣ ቁጭ ብሎ ሠላሳ ደቂቃ አየ፣ ያስተማርኩትን አንድም ሳያጎድል፣ አረፋውን ሳይቀር፣ ተምሯል እኮ፣ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ሁሉንም ያውቃል፣ ምን እንደሚገድልና ምን እንደሚያድን ለይቶ ያውቃል፣ ከዚያ በሳምንቱ እዚህ መጣ፣ የኔና የእናቴ ሕንፃ፣ ቁራጯን ቱቦ ከቦርሳው አወጣ። ስንፍና ቢሆን ኖሮ የራሱንም ቤት ይሰንፍበት ነበር፣ እኛን ነው እንጂ፣ እኛን እንደ ሰው አልቆጠረንም፣ እኔ እንዲህ ነው የተከዳሁት፣ በማላውቀው ሰው ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፣ አወጣዋለሁ፣ ሚጡ ናት፣ ነግሯት ይሆን፣ ወይ ዝም ብላ ነው፣ ጠዋት ጠዋት እናቴ እንዴት አደረች ብላ ትደውላለች፣ አላነሳውም፣ ይጮኻል ይጮኻል ይቆማል። ለሚጡ አትንገራት ጋሼ ይላል እሱ፣ አፈር ስሆን፣ እሷ ነገር አትችልም። ስልኩን ወደ ኪሴ እመልሳለሁ። ሃያ ስድስት።

መርፌው አይወርድም። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ልክ እንዳስቀመጥኩት፣ ዓይኔ ያታልለኝ ይሆን ብዬ ጠጋ እላለሁ፣ አይደለም፣ ቆሟል፣ እና ምን ይሰማኛል፣ ማመን አቃተኝ፣ ደስታ፣ ሳልፈልግ ደረቴን ሞቅ የሚያደርግ ደስታ፣ ፍሳሽ ነዋ እንግዲህ፣ ልብስ ሰፊዋ በረኪናዋን ትጨምር፣ እናቴ ወደ ቤቷ ትውጣ፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ደህና ከሆነ ሌሎቹም፣ አዲስ ቱቦ ነው፣ እሑድ እሑድ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ፈቃዴ እንዳለ፣ ሚጡ እንዳለች፣ እሱን ብቻ ዓይኑን ላለማየት፣ ሰው ሳይተያይም አብሮ ይሠራል፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ቁሚ እላታለሁ መርፌዋን፣ ቁሚልኝ እባክሽ።

ሠላሳ።

አየህ ይላል። በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን ትንፋሽ፣ አየህ ጋሼ፣ አላልኩህም፣ ምንም የለውም፣ መጥቶ ሊፈታው ያጎነብሳል፣ በል እንልቀቅላቸው ሰዎቹ ምሳቸውን ይጣዱ፣ እጁ መለኪያዋን ሊይዝ ሲል ቆይ እለዋለሁ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ጣቴ ነው ያለው። ጣቴ ራሱ ተነስቶ መስታወቷ ፊት ቆሟል፣ ሃያ ሦስት ዓመት የለመደበት፣ ማንኛውንም መርፌ ከማመንህ በፊት መስታወቱን በጥፍርህ ሁለት ጊዜ ምታው፣ መለኪያ ሲያረጅ መርፌው ይሰንፋል፣ ባለበት ይቀራል፣ ቀስ ብለህ ቀስቅሰው፣ መጀመሪያ ቀን የማስተምረው ይኼን ነው፣ እሱንም ያስተማርኩት ይኼን ነው፣ አረንጓዴዋ ቁራጭ ላይ፣ ያቺው መለኪያ ላይ።

ጣቴን እመልሳለሁ። አንተ ምታው እለዋለሁ።

ሠላሳ ሞላ እኮ ጋሼ ይላል።

ምታው።

ተው በቃ ሞልቷል አልኩህ እኮ፣ ይላል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጁ ወደ ኪሱ ይመለሳል፣ ሁለቱም እጁ፣ አምፖሉ ፊቱን ያሳየኛል፣ ላቡ ከግንባሩ ጀምሮ፣ እናቴን አዝሎ ሲወርድ እንዳላበው፣ ቦርሳውን አያለሁ፣ አፉ ክፍት ነው፣ አዲሱ መለኪያ ከላይ ተቀምጧል፣ ከላይ፣ አሮጌዋን ለማውጣት እሱን ወዲያ ማድረግ ነበረበት፣ ጠዋት ሲያቀብለኝ፣ ዛሬ ጠዋት፣ ሁሉንም ካወቅሁበት በኋላ፣ እናቴ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብላ። አሁን ገባኝ። አሁን ነው ሁሉም የገባኝ።

እመታዋለሁ። አንድ። ሁለት።

መርፌዋ ከእንቅልፏ እንደነቃች ሰው ነቅነቅ ትልና ትወርዳለች፣ ከሦስተኛው መስመር፣ ሁለተኛውን አልፋ፣ እዚያ ትቆማለች፣ ምንም ድምፅ የላትም። አንድ መስመር ብትወርድ እንኳ ብዙ ነበር። ጋሼ ይላል። ቀና ብዬ አላየውም፣ ሦስት ሳምንት እላለሁ ለራሴ፣ በየጠዋቱ ክብሪት፣ እናቴን ምን እንዳቆየልኝ እግዜር ይወቀው፣ እንዳይከፈት የሚለውን ቀዩን ካርድ ከቦርሳዬ አወጣለሁ፣ ዋናው መዝጊያ ላይ አስራለሁ፣ ማሰሪያው ሁለቴ ከእጄ ይወድቃል፣ ጋሼ እባክህ፣ ለሚጡ ስትል፣ ይላል፣ ስልኬን አወጣለሁ፣ የሚጡን ያመለጠ ጥሪ አልፌ ወደ መሥሪያ ቤት እደውላለሁ።

ተረኛው ያነሳል፣ እኔ ነኝ እለዋለሁ፣ የምሰጥህን አሥራ ሁለት አድራሻ ጻፍ፣ ጋዛቸው አሁኑኑ ይዘጋ፣ ሰው ይውጣ፣ ክብሪት እንዳይነካ፣ ከኔ ሕንፃ ጀምር፣ እሱን ዘግቼዋለሁ፣ አፈሰሰ፣ ይጽፋል፣ እስክሪብቶው ሲጫጫር ይሰማኛል፣ አንድ በአንድ እነግረዋለሁ፣ ወረቀት አላስፈለገኝም፣ ከትናንት ጀምሮ በቃሌ ነው ያለው፣ የፈረመው ማነው ይላል፣ እኔ ነኝ፣ የለካውስ፣ ይላል፣ ማን ለካው፣ ያኔ ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ አፉን ሊከፍት ይችላል፣ አሁን፣ ስልኩን እዘረጋለታለሁ፣ እጠብቀዋለሁ፣ እጁ ከኪሱ አይወጣም። ማንም፣ እለዋለሁ ተረኛውን፣ ማንም አልለካውም፣ እንደዚያ ብለህ ጻፈው።

ተረኛው ወረቀት ያገላብጣል፣ የናንተ ቡድን እኮ እዚህ አሥራ ሦስት ሕንፃ ነው የሚለው ይላል፣ አንድ ይቀራል፣ አሥራ ሦስተኛውስ፣ እሱን ልዝጋው ወይ። ከግቢው እናቴ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ስትስቅ ይሰማኛል፣ እሱም ይሰማዋል፣ ወለሉን እያየ።

እሱን ተወው እለዋለሁ፣ እሱ ደህና ነው፣ እሱ በደንብ ተለክቷል።